የኤሌክትሪክ ዋጋ በአየር ጠባይና በተፈጥሮ ጋዝ እጅ ስለ መሆኑ

ኤሌክትሪክ ከሌላው ሸቀጥ ሁሉ የሚለይበት አንድ ጠባይ አለው፤ ይኸውም እንደ ጤፍና እንደ ስንዴ በጐተራ ተከቶ ለክፉ ቀን ለመቀመጥ የማይመች መሆኑ ነው። በተሠራበት ቅጽበት ካልተበላ ከንቱ ሆኖ ይቀራል፤ በተፈለገበት ቅጽበት ካልተሠራም በማግስቱ ቢመጣ ለትናንቱ ጨለማ አይሆንም። ውሃን ወደ ላይ ገፍቶ በኵሬ ማቈየትና በሚያስፈልግበት ሰዓት መልሶ መልቀቅ ከብዙ ዘመን ጀምሮ የታወቀ ብልሃት ነው፤ በቅርብ ዓመታትም ትልልቅ ባትሪዎች ለጥቂት ሰዓት የሚሆን ኃይል ማጠራቀም ጀምረዋል፤ ነገር ግን ይህ ሁሉ አንድ አገር በአንድ ቀን ከሚፈጀው ጋራ ሲመዛዘን ገና ጥቂት ነው። ከዚህም የተነሣ ኤሌክትሪክ በነጻ ገበያ በሚሸጥበት አገር ዋጋው እንደ ሰማዩ ነው፤ ብርድና ሙቀት፥ ነፋስና ጸጥታ፥ ደመናና ፀሐይ በተፈራረቁ ቍጥር እርሱም ከሰዓት ወደ ሰዓት ይወጣል ይወርዳል።

ይህ ነገር ጐልቶ ከሚታይባቸው አገሮች አንደኛው የተባበሩት የአሜሪካ መንግሥታት ነው። በዚያ አገር በብዙው ክፍል፥ ራሳቸው ኃይል የማያመርቱና ከሽያጩ ትርፍ የማይካፈሉ፥ ነገር ግን ሻጭንና ገዢን አገናኝተው የሽቦውን መንገድ የሚጠብቁ ድርጅቶች ቆመዋል። በምሥራቅ ያለው ፒ.ጄ.ኤም. የተባለው፥ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ1927 (ከዚህ በታች ያለው የዘመን ቍጥር ሁሉ በዚሁ አቈጣጠር ነው) በፔንሲልቫንያና በኒው ጀርሲ የነበሩ የኤሌክትሪክ ኩባንያዎች መስመራቸውን በማጋጠማቸው የተጀመረ ሲሆን፥ ዛሬ በ13 ስቴቶችና በዋሽንግተን ከተማ ከ65 ሚሊዮን የሚበልጥ ሕዝብ ያገለግላል። በሰሜን ምሥራቅ ጫፍ ስድስቱን የኒው ኢንግላንድ ስቴቶች የሚያገለግል ሌላ አለ፤ በደቡብም ኤርኮት የተባለው በቴክሳስ ከሚፈጀው ኃይል ከመቶው 90 የሚሆነውን ያስተዳድራል።

የሽያጩ ሥርዓት እንደሚከተለው ነው። የእያንዳንዱ ማመንጫ ባለቤት ለነገው ቀን በየሰዓቱ ስንት ሜጋዋት ሊሰጥ እንደሚችልና በስንት ዋጋ እንደሚሸጥ ያስታውቃል። አስተዳዳሪውም ከርካሹ ጀምሮ በየተራ እየጠራ፥ ሕዝቡ የሚፈልገው መጠን በሞላ ጊዜ ያቆማል። ከሁሉ በኋላ የተጠራው ሻጭ የጠየቀው ዋጋ ቀድመው ለተጠሩትም ሁሉ ይከፈላቸዋል። ነገሩን በእህል ገበያ መመሰል ይቻላል፤ ገበያተኛው መቶ ጭነት ቢፈልግና ዘጠና ዘጠኙ ከቅርብ መንደር በርካሽ ቢመጣ፥ መቶኛው ግን ከሩቅ አገር በብዙ የአጋሰስ ኪራይ ቢደርስ፥ በዚህ ሥርዓት የመቶውም ጭነት ዋጋ የሚቈረጠው በመጨረሻው ነው። በመጀመሪያ ለሚሰማው አድልዎ ይመስላል። ሥርዓቱን ያቆሙት ሰዎች የሚሰጡት ምክንያት ግን፥ በትንሽ ወጪ የሚያመርተው ከፍ ያለ ትርፍ ማግኘቱን ያየ ሁሉ ወጪው ያነሰ ማመንጫ ለመሥራት ይተጋል፤ ደግሞም ማንም ሻጭ የገዛ ወጪውን ሳይሸሽግ ቢናገር ይጠቀማል እንጂ አይጐዳም የሚል ነው። ምክንያቱ ዋዛ አይደለም፤ ቢሆንም በመጨረሻው ጭነት ላይ የደረሰው ችግር በመቶው ሁሉ ላይ እንደሚያርፍ መዘንጋት አይገባም።

ያ የመጨረሻው ሻጭ በአሜሪካ አብዛኛውን ጊዜ የተፈጥሮ ጋዝ የሚያቃጥለው ማመንጫ ነው። ነፋስና ፀሐይ ለነዳጅ የሚያወጡት ዋጋ ስለሌለባቸው ከሁሉ በፊት ይጠራሉ፤ የአቶም ማመንጫም አንድ ጊዜ ከተነሣ ማቆሙ ስለሚከብደው በርካሽ ይገባል። በጋዝ የሚሠራው ግን በጥቂት ጊዜ ተነሥቶ በጥቂት ጊዜ ሊቆም የሚችል በመሆኑ ጉድለቱን ለመሙላት ወደ ኋላ ይቀራል። በ2023 በዚያ አገር ከተመረተው ኤሌክትሪክ ከመቶው 43 የሚሆነው በጋዝ የተገኘ ነበር። ስሌቱም ከባድ አይደለም። ጋዝ የሚሸጠው ቢቲዩ በሚባል የሙቀት መለኪያ በሚሊዮን እየተቈጠረ ነው፤ ጥሩ የሆነ አዲስ ማመንጫ አንድ ሜጋዋት ሰዓት፥ ማለት አንድ ሺህ ኪሎዋት ሰዓት፥ ለማውጣት ሰባት ሚሊዮን ቢቲዩ ያህል ይፈጃል። እንግዲህ በሉዊዚያና ባለው ሄንሪ ሃብ በተባለው የጋዝ መገናኛ፥ ዋጋው እንደ 2020 በአማካይ 2 ዶላር ሲሆን የአንዱ ሜጋዋት ሰዓት የነዳጅ ወጪ 14 ዶላር ይሆናል፤ እንደ 2022 በአማካይ 6 ዶላር ከ45 ሳንቲም ሲሆን ደግሞ ወደ 45 ዶላር ይደርሳል። ያረጀው ማመንጫ አሥር ሚሊዮንና ከዚያም በላይ ስለሚፈጅ፥ እርሱን መጥራት ግድ በሆነበት ሰዓት ዋጋው የዚያኑ ያህል ይብሳል።

የአየር ጠባይ በዚህ ላይ የሚገባው በአንድ በር ብቻ አይደለም። ብርድ ሲጠና ሕዝቡ ለማሞቂያ፥ ሙቀት ሲበረታ ለማቀዝቀዣ ኤሌክትሪክ ይፈልጋል፤ ይህ ማንም የሚያውቀው ነው። ነገር ግን ያው ብርድ ደግሞ የቤቶችን የጋዝ ምድጃ ስለሚያበዛ የጋዙን ዋጋ ያስወድደዋል፤ ስለዚህ የክረምቱ ብርድ ኤሌክትሪክን ሁለት ጊዜ ይመታዋል፥ አንድ ጊዜ በፈላጊው ብዛት፥ ሁለተኛ ጊዜ በነዳጁ ውድነት። ነፋስ በነፈሰበት ሌሊትም ተቃራኒው ይሆናል። በምዕራብ ቴክሳስ የነፋስ መዘውሮች ሰው በተኛበት ሰዓት ብዙ ኃይል አውጥተው፥ ኃይሉን ወደ ከተሞቹ የሚያደርሰው ሽቦ ሲጠባቸው፥ ዋጋው ከዜሮ በታች የሚወርድበት ጊዜ አለ፤ ማለት ሻጩ ሸቀጡን እንዲወስዱለት ራሱ ይከፍላል። እንዲህ ያለውን ንግድ የጥንት ነጋዴ ቢሰማ ዕብደት ባለው ነበር፤ ምክንያቱ ግን መንግሥት በነፋስ ለተመረተ ለእያንዳንዱ ኪሎዋት ሰዓት የግብር ቅናሽ ስለሚሰጥ፥ ባለ መዘውሩ ጥቂት ከፍሎም ቢሸጥ ትርፉ አይቀርበትም።

በኒው ኢንግላንድ ያለው ችግር ከዚህ የተለየ ነው። ከዚያ የሚመረተው ኤሌክትሪክ ግማሽ ያህሉ በጋዝ ነው፤ አገሩ ግን የራሱ የጋዝ ጕድጓድ የለውም። የፔንሲልቫንያ ምድር ጋዝ የሞላበት ሆኖ ሳለ፥ ጋዙን የሚያመጡት ቧንቧዎች ጥቂትና ጠባብ ናቸው። ቧንቧው የተሠራው ውሉን አስቀድመው በከፈሉ፥ ለቤት ማሞቂያ ጋዝ በሚያከፋፍሉ ኩባንያዎች ገንዘብ ነው፤ ማመንጫዎቹ አብዛኛውን ጊዜ የሚገዙት ከእነርሱ የተረፈውን ነው። በበጋ የሚተርፈው ብዙ ነው፤ ብርድ በጠናበት ሳምንት ግን የሚተርፍ የለም፤ በቦስቶን አጠገብ የጋዙ ዋጋ በሉዊዚያና ካለው ብዙ እጥፍ ይሆናል። በ2017 መጨረሻና በ2018 መጀመሪያ በነበረው የሁለት ሳምንት ብርድ፥ ማመንጫዎቹ ጋዝ ትተው ሁለት ሚሊዮን በርሜል ያህል የነዳጅ ዘይት አቃጠሉ። በዚያው ወር ጋዜሊስ የተባለች መርከብ ወደ ቦስቶን ያመጣችው ፈሳሽ ጋዝ ከፊሉ በሩስያ ሰሜን ከያማል የወጣ ነበር። ነገሩ የሚያስደንቅ ነው፤ ቴክሳስና ሉዊዚያና ፈሳሽ ጋዝ ወደ ውጭ አገር በመርከብ በሚሸጡበት ዘመን ቦስቶን ከባሕር ማዶ ትገዛለች። ምክንያቱ ከአንድ የአሜሪካ ወደብ ወደ ሌላው ዕቃ የሚያመላልስ መርከብ በአሜሪካ የተሠራ እንዲሆን በ1920 የወጣው ሕግ ነው፤ ይህን መንገድ የሚመላለስ እንዲህ ያለ የጋዝ መርከብ የለም። የባሕርተኛውን እንጀራ ለመጠበቅ የታሰበ ሕግ ከመቶ ዓመት በኋላ የመብራትን ዋጋ ሲያስወድድ መገኘቱን፥ ሕግ የሚያረቁ ሁሉ ቢመለከቱት ይጠቅማል።

ከዚህ ሁሉ ግን የቴክሳስ ነገር ይብሳል። ቴክሳስ በ1935 የወጣው የፌዴራል የኃይል ሕግ እንዳይደርስባት በማለት የሽቦ መስመሯን ከጎረቤቶቿ ለይታ ብቻዋን የኖረች ናት፤ ከውጭ ሊመጣላት የሚችለው ኃይልም ጥቂት ነው። በ2011 በየካቲት ወር ብርድ ጕዳት ባደረሰ ጊዜ፥ የፌዴራሉ መርማሪዎች ማመንጫዎቹና የጋዝ ጕድጓዶቹ ለብርድ እንዲሰናዱ መክረው ነበር። ምክሩ ምክር ሆኖ ቀረ እንጂ ትእዛዝ አልሆነም፤ ብርዱ በየዓመቱ ስለማይመጣ ለእርሱ የሚወጣው ገንዘብ ከንቱ መሰለ።

በ2021 በየካቲት አጋማሽ ብርዱ መጣ። በዳላስ ከተማ የካቲት 16 ቀን ሙቀቱ ከዜሮ በታች ወደ 19 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ወረደ፤ እንዲህ ያለ ብርድ ከ1949 ወዲህ አልታየም ነበር። የቴክሳስ ቤቶች ለሙቀት እንጂ ለብርድ የተሠሩ አይደሉም፤ ብዙዎቹም የሚሞቁት በኤሌክትሪክ ነው። የካቲት 14 ማታ የተፈለገው ኃይል ከ69,000 ሜጋዋት በላይ ሆነ። እኩለ ሌሊት ካለፈ በኋላ ማመንጫዎቹ አንድ በአንድ ይወድቁ ጀመር። ከጋዝ ጋራ አብሮ ከመሬት የሚወጣው ውሃ በጕድጓዱ አፍ ላይ ረግቶ ቧንቧውን ደፈነው፤ የማመንጫዎቹም መለኪያዎችና ቀጫጭን ቧንቧዎች በረዶ ሆኑ፤ የነፋስ መዘውሮችም ክንፋቸው በበረዶ ተያዘ። የመስመሩ ንዝረት በሰከንድ 60 መሆን ሲገባው ወደ 59.3 ወረደ። ከ59.4 በታች ዘጠኝ ደቂቃ ቢቈይ ኖሮ ማመንጫዎቹ ራሳቸውን ለማዳን እየተቈረጡ መላው መስመር በወደቀ፥ እንደገና ለማንሣትም ሳምንታት ባስፈለገ ነበር፤ የቈየው አራት ደቂቃ ከ23 ሰከንድ ነው። ያዳነው የኤርኮት ሠራተኞች በችኰላ የሕዝቡን መብራት መቍረጣቸው ነበር፤ ቈረጣው በበረታ ጊዜ እስከ 20,000 ሜጋዋት ደረሰ፤ ከ4 ሚሊዮን ተኩል በላይ ቤቶችና የንግድ ቦታዎች ጨለሙ።

እዚህ ላይ ነገሩ ራሱን በራሱ የሚበላ ሆነ። ጋዙን ከጕድጓድ የሚያወጡትና በቧንቧ የሚገፉት መኪናዎች ብዙዎቹ የሚሠሩት በኤሌክትሪክ ነው፤ ባለቤቶቻቸው ግን መብራት እንዳይቈረጥባቸው ከሚገባቸው ዝርዝር ውስጥ አላስመዘገቧቸውም። ስለዚህ ኤሌክትሪክ በጋዝ እጦት ሲቈረጥ፥ መቈረጡ ደግሞ ጋዙን ይበልጥ አሳነሰው። በዚያ ሰሞን አንዳንድ ሹማምንት ጥፋቱን ሁሉ በነፋስ መዘውሮች ላይ ጭነው ነበር። በኅዳር 2021 የወጣው የፌዴራል ምርመራ የሚያሳየው ግን፥ በዚያ ማዕበል ጕድለት ከደረሰባቸው 1,045 ማመንጫዎች ከመቶው 58 በጋዝ የሚሠሩ መሆናቸውን ነው። ነፋሱም አላገዘም፤ ትልቁ ጕድለት ግን የጋዙ ነው።

የዋጋው ነገር ደግሞ እንዲህ ሆነ። በ2020 በቴክሳስ ገበያ የአንድ ሜጋዋት ሰዓት አማካይ ዋጋ 26 ዶላር ያህል ነበር። ከዕጦት የተነሣ የሚፈቀደው ከፍተኛ ዋጋ 9,000 ዶላር ሲሆን፥ ይህ ልክ የተወሰነው ባለ ገንዘብ በትርፉ ተስቦ ተጨማሪ ማመንጫ እንዲሠራ ታስቦ ነው። መብራቱ በተቈረጠበት ቀን ግን የገበያው የስሌት መኪና የተቈረጠባቸውን ሰዎች እንደማይፈልጉ አድርጎ ስለ ቈጠረ ዋጋው ወረደ። የቴክሳስ የሕዝብ አገልግሎት ኮሚሲዮንም ይህ ዕጦቱን የማይገልጽ ነው ብሎ ዋጋው በ9,000 ዶላር እንዲቆም የካቲት 15 አዘዘ፤ እስከ የካቲት 19 ጧትም ቈየ። ቈረጣው ግን የካቲት 17 ሌሊት አብቅቶ ነበር። የገበያው ገለልተኛ ተቈጣጣሪ፥ ዋጋው ከዚያ ወዲያ ባለው አንድ ቀን ከግማሽ ያህል ጊዜ በከንቱ በመቈየቱ ገዢዎች 16 ቢሊዮን ዶላር ያለ አግባብ እንደ ተጠየቁ ተናገረ። ጋዙም አልቀረም፤ በሄንሪ ሃብ ወደ 24 ዶላር ሲደርስ፥ በጎረቤቱ በኦክላሆማ በአንድ መገናኛ ከአንድ ሺህ ዶላር በላይ ተሸጠ። ከላይ በተነገረው ስሌት ይህ ለአንድ ሜጋዋት ሰዓት የሰባት ሺህ ዶላር ነዳጅ ማለት ነው።

በዚያ ሳምንት የሞቱትን የስቴቱ የጤና መሥሪያ ቤት 246 ብሎ ቈጥሯቸዋል። አብዛኞቹን የገደላቸው ብርድ ነው፤ ቤታቸውን ለማሞቅ በዝግ ስፍራ እሳት አንድደው ወይም አውቶሞቢላቸውን አስነሥተው በመርዘኛው ጭስ የታፈኑም አሉ። በዳላስና በሂውስተን ብዙ ኢትዮጵያውያን ስለሚኖሩ ወሬው ለአዲስ አበባ ቤተ ሰቦች የሩቅ አገር ወሬ አልነበረም። በስቴቱ ምዕራባዊ ጫፍ ያለችው ኤል ፓሶ ግን፥ መስመሯ ከምዕራቡ አገር ጋራ የተጋጠመ ስለ ሆነ፥ ደግሞም ከ2011 በኋላ ማመንጫዎቿን ለብርድ ስላሰናዳች፥ መብራት የጠፋባት በጥቂት ሰዎች ላይ ብቻና ለጥቂት ጊዜ ነው።

ዕዳውን ማን ከፈለ የሚለው ጥያቄ ከዚያ ወዲህ ብዙ ፍርድ ቤት አቁሟል። የጅምላው ዋጋ ወደ ተራው ሰው የሚደርሰው እንደ ውሉ ነው። አብዛኛው ሰው በተቈረጠ ዋጋ ስለሚገዛ ያን ሳምንት የሻጩ ኩባንያ ተሸከመለት። ግሪዲ የተባለው ኩባንያ ግን በወር አሥር ዶላር ያህል ተቀብሎ የጅምላውን ዋጋ እንዳለ ለደንበኛው ያሳልፍ ነበር፤ ነፋስ በበዛበት ሌሊት ደንበኛው ሲደሰት ኖሮ፥ በማዕበሉ ሳምንት ግን ለአንድ ኪሎዋት ሰዓት ዘጠኝ ዶላር ተጠየቀ። በቀን 50 ኪሎዋት ሰዓት የሚፈጅ ቤት በአንድ ቀን 450 ዶላር ማለት ነው። ኩባንያው በመጋቢት ወር ከሰረ። ከእርሱም በፊት በወሩ መባቻ፥ ለገጠር ኃይል የሚያቀርበው ብራዞስ የተባለው የኅብረት ማኅበር ከኤርኮት የ2.1 ቢሊዮን ዶላር ሒሳብ ቀርቦለት የመክሰሩን አቤቱታ ለፍርድ ቤት አቀረበ። የቀረውን ከፍ ያለ ዕዳ ለመክፈል የቴክሳስ ሕግ አውጪዎች የብድር ወረቀት እንዲሸጥ ፈቀዱ፤ ወለዱና ዋናው በደንበኞች ሒሳብ ላይ እየተጨመረ በብዙ ዓመት የሚከፈል ነው። እንግዲህ በተቈረጠ ዋጋ ገዝቶ ከአደጋው ያመለጠ የመሰለው ሰው፥ ያመለጠው ከአንድ ጊዜው ክፍያ እንጂ ከክፍያው አይደለም።

የጋዝ ዋጋ ደግሞ ከሰማዩ ሌላ የባሕር ማዶ ነገር ይነካዋል። ሳቢን ፓስ ከተባለው የሉዊዚያና ወደብ የመጀመሪያው ፈሳሽ ጋዝ በየካቲት 2016 ከተጫነ ወዲህ፥ የአሜሪካ ጋዝ ከዓለም ገበያ ጋራ እየተሳሰረ ሄዶ ከ2023 ጀምሮ ያ አገር ከፈሳሽ ጋዝ ሻጮች አንደኛ ሆኗል። በ2022 ሩስያ ዩክሬንን በወረረች ጊዜ አውሮጳ የአሜሪካን ጋዝ በብርቱ ፈለገች፤ ዋጋውም በሁለቱም ወገን ወጣ። በሰኔ 8 ቀን 2022 በቴክሳስ ዳርቻ ባለው በፍሪፖርት የጋዝ ማቀዝቀዣ ቃጠሎ ደርሶ ጭነቱ በቆመ ጊዜ፥ በአሜሪካ ዋጋው ሲወርድ በአውሮጳ ወጣ። አንድ የእሳት አደጋ ለአንዱ ርካሽ ለሌላው ውድ ሆነ። በዚያው በጋ አውሮጳን ድርቅ ስለ መታት የወንዝ ማመንጫዎች ውሃ አነሳቸው፤ በፈረንሳይም ብዙ የአቶም ማመንጫዎች በቧንቧ ዝገት ምክንያት ቆመው ነበር፤ የጐደለው ሁሉ በጋዝ መሞላት ስላስፈለገው የኤሌክትሪኩ ዋጋ በነሐሴ ከዚያ በፊት ያልታየ ደረጃ ደረሰ። በኢትዮጵያ ዋጋው በመንግሥት የሚወሰን፥ ኃይሉም ከሞላ ጐደል ሁሉ ከውሃ የሚገኝ ስለ ሆነ፥ የአየር ጠባይ የሚታየው በሒሳብ ወረቀት ላይ ሳይሆን በግድቦቹ የውሃ ልክ ነው።

ቴክሳስ ከ2021 በኋላ የሠራችው ቀላል አይደለም። በዚያው ዓመት በወጣው ሕግ ማመንጫዎች ለብርድ እንዲሰናዱ ግዴታ ሆነ፤ በጋዝ በኩል የተደነገገው ግን የላላ ነው የሚሉ አሉ፥ ንግግራቸውም መሠረት ያለው ይመስላል። ከፍተኛው ዋጋ ከ2022 መጀመሪያ ጀምሮ ወደ 5,000 ዶላር ዝቅ አለ። የፀሐይ ማመንጫና ባትሪ በፍጥነት በዙ። በነሐሴ 10 ቀን 2023 በሙቀቱ ብርታት የተፈለገው ኃይል 85,508 ሜጋዋት ሲደርስ መብራት አልተቈረጠም፤ ነገር ግን በዚያ በጋ ፀሐይ ስትጠልቅና ነፋሱ ገና ሳይነሣ ባለው የምሽት ሰዓት ዋጋው እስከ ላይኛው ወሰን የደረሰበት ቀን ነበር። በጥር 2024 ብርድ ሲመጣም መስመሩ ሳይቈረጥ አለፈ፤ ብርዱ ግን በ2021 እንደ ነበረው የጠነከረና የረዘመ አልነበረም። በሰኔ 2024 የቴክሳስ ጠቅላይ ፍርድ ቤት፥ ኮሚሲዮኑ ዋጋውን በ9,000 ዶላር እንዲቆም ያዘዘው በተሰጠው ሥልጣን ውስጥ ሆኖ ነው ብሎ ፈረደ፤ የዚያ ሳምንት ሒሳብም እንደ ተጻፈ ጸንቶ ቀረ።